ከምራቴ ጋር ያጋባኝ ወረቀት

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ነው። ዕድሜዬ ሰባን አልፏል፤ ትናንት ምን እንደበላሁ እንኳ ጠይቃችሁኝ ላልመልስ እችላለሁ። ይህን ግን የምረሳው አይመስለኝም። ሽማግሌ ሳልልክ፣ ዳስ ሳልጥል፣ አንድ ብርጭቆ ጠላ ሳልቀዳ፣ በሰው ሀገር መንግሥት ማኅተም ሁለተኛ ሚስት ያገባሁት ያን ጊዜ ነውና።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። የምኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። ሥራዬ ግንበኝነት ነበር፤ ትምህርቴ ከመሠረተ ትምህርት አላለፈም። ለሰው ስንት ፎቅ ሠርቼ ለራሴ በዕጣ አራተኛ ፎቅ ደረሰኝ። አሳንሰር የለውም። «ደረጃ ለጤና ጥሩ ነው» ይሉኛል፤ የሚሉኝ ምድር ቤት የደረሳቸው ናቸው።

ከእኔና ከባለቤቴ ከአስካለ ጋር የልጃችን የሳሙኤል ሚስት ምሕረት ትኖር ነበር። ሳሙኤል ነርስ ነው፤ ውጭ ሀገር ተቀጥሮ ከሄደ ግማሽ ዓመት ሆኖት ነበር። ሀገሩን አልጠራም፤ ልጄ ገና እንጀራ ይበላበታል። ሚስቱ እንድትከተለው የጥገኛ ቪዛ ተጠየቀላት፤ ባሏ እዚያ ስለሚሠራ እሷም ትምጣ የሚባለው ዓይነት ነው። ምሕረት ነፍሰ ጡር ነበረች። ሐኪሟ «ከሦስት ሳምንት በኋላ አውሮፕላን አያሳፍሩሽም» ብሏት ነበር። ካመለጣት እዚህ ትወልዳለች፤ ለሕፃኑም ሌላ ፋይል ይከፈታል። የፋይል ነገር ደግሞ ከእርግዝና ይረዝማል።

ቦሌ ካለው ቪዛ ተቀባይ ቢሮ ፓስፖርቷንና ደብዳቤውን ይዛ የመጣች ቀን፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታለቅስ ጀመር።

«ምነው ልጄ፣ ከለከሉሽ እንዴ?» አልኳት።

«አልከለከሉኝም አባባ። ፈቅደዋል።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«የፈቀዱልኝ…» አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ «የፈቀዱልኝ ወደ እርስዎ እንድሄድ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የሚባል የለንም፤ ሰው የራሱን ስም ይዞ አባቱንና አያቱን ያስከትላል። ፓስፖርት ላይ ግን የቤተሰብ ስም የሚል ቦታ አለ። ስለዚህ ልጄ «ሳሙኤል» ተብሎ ብቻውን አንድ መስመር ላይ ሲቀመጥ፣ እኔና አባቴ «ተሰማ ወልዴ» ተብለን ሌላው መስመር ላይ ተቀምጠናል። እኔ ደግሞ ምራቴ የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው ብዬ ደብዳቤ ፈርሜ፣ የመታወቂያዬን ኮፒ አያይዤላት ነበር። ባሕር ማዶ ተቀምጦ ቪዛ የሚፈቅደው ሰው ፋይሉን ሲገልጥ ተሰማ ወልዴ የሚል ስም አየ፤ ትንሽ ሲገልጥ ተሰማ ወልዴ የሚል መታወቂያ አገኘ። ፎቶዬንም አይቶ ይሆናል። ሽበቴ አላጠራጠረውም። የልደት ዘመኔን ሳይቀር ሳያዛንፍ ገልብጦ የምሕረት ባል አደረገኝ። ጎበዝ ሠራተኛ ነው፤ እድገት ሰጥተውት እንደሆነ አላውቅም።

ያንን ወረቀት ይዛ ብትሄድ፣ «ባልሽ የት አለ?» ሲሏት «አዲስ አበባ» ልትላቸው ነው። በመጣችበት ይመልሷታል።

አስካለ ከኩሽና ሆና ሁሉንም ሰምታለች። እጇን እየጠረገች ብቅ አለች።

«እሰይ! ወገቤን የሚያሽልኝ ሰው አጣሁ ስል ጣውንት መጣችልኝ» አለች። «ሰርጉ መቼ ነው?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ልጅቷ እያለቀሰች ነው።»

«ታልቅስ እንጂ! አንተን አግብታ ምን ትሁን? እኔም አልቅሻለሁ።»

ምሕረት ከነእንባዋ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ግን ሁለት ቀን ሙሉ እኔ ባለሁበት ቀና ብላ ምግብ አልበላችም። እኔም ብሆን የገዛ ቤቴ ውስጥ የት እንደምቀመጥ ጠፋኝ።

ደብዳቤው በመጣ ማግሥት እኔና ምሕረት ቢሮው ሄድን። ሁሉ ነገሩ መስታወት ነው፤ የት እንደሚያልቅና በሩ የት እንደሚጀምር ሳላውቅ አንዱን በግንባሬ መታሁት። ወረፋችን ሲደርስ አንዲት ቆንጆ ልጅ በትሕትና ተቀበለችን።

«ምን ልርዳዎት አባቴ?»

«ምራቴን አላገባሁም ብዬ ለማመልከት ነው የመጣሁት።»

ልጅቷ አልሳቀችም። ኮምፒዩተሯን አየች። «ማስረጃ ይዘዋል?»

«ያላገባሁበትን ማስረጃ?»

«አዎ። ሲስተሙ ላይ ተጋብታችኋል።»

«ኧረ የእሷና የልጄ የጋብቻ ሰርተፍኬት ፋይሉ ውስጥ አለ እኮ፣ ልጄ!»

«አለ አባቴ፣ አይቼዋለሁ። ግን ስህተቱ የተፈጠረው እሱ እያለ ስለሆነ እሱ አያርመውም።»

ይህን አባባል እስከ ዛሬ አስበዋለሁ። ከፍ ያለ ትምህርት የሚጠይቅ ነገር ነው።

በመጨረሻ መፍትሔ ነገረችኝ፤ የእኔንና የባለቤቴን የጋብቻ ሰርተፍኬት ከማመልከቻ ጋር እንዳመጣ። የራሴ ሚስት እንዳለችኝ ካሳየሁ ያርሙታል።

«ሁለት አላቸው ቢሉኝስ?» አልኳት።

«አይሉም። እነሱ ጋ ሁለት አይፈቀድም» አለችኝ።

እሺ ብዬ ወጣሁ። ሚኒባስ ውስጥ ነው የታወሰኝ፤ እኔና አስካለ የጋብቻ ወረቀት የለንም። እኛ የተጋባነው ቡልጋ፣ በሽማግሌ ነው። ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፤ ሦስቱም ሞተዋል። ያን ጊዜ ሰው መጋባቱን መንደሩ ያውቃል፤ መንደሩ ካወቀ ደግሞ ማን ወረቀት ይጠይቃል?

ወረዳችን ሄድኩ፤ ልደትና ጋብቻ የሚመዘገብበት ክፍል። መዝጋቢው ልጅ መታወቂያዬን አየና «አባባ፣ እኛ ጋ እርስዎ ያላገቡ ነዎት» አለኝ።

«ሦስት ልጅ ወልጄ?»

«ልጅ ሌላ መዝገብ ነው።»

እንግዲህ ቦሌ ስሄድ ምራቴን ያገባሁ፣ ሰፈሬ ስመለስ ወንደላጤ ሆኜ ቁጭ አልኩ። አስካለ ይህን ስትሰማ «አርባ ስድስት ዓመት ከሰው ወንድ ጋር ስኖር ዝም ያልሽኝ ምነው?» ብላ እህቷን የሺን በስልክ ወቀሰቻት።

መዝጋቢው በባህል የተፈጸመ ጋብቻም እንደሚመዘገብ ነገረን። ሁለታችንም መቅረብ አለብን፤ ፎቶ፣ ደግሞም ስንጋባ የነበሩ ምስክሮች። በማግሥቱ ስንሄድ ኔትወርክ አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ኔትወርኩ ነበረ፤ መዝጋቢው ስብሰባ ላይ ነበር። ቀጥሎ ቅዳሜና እሁድ ሆነ። በዚህ መሀል የምሕረት ሆድ ስብሰባም ኔትወርክም አያውቅ፣ በየቀኑ ይገፋል። እኛ ስንመዘገብ የቀራት አሥራ አንድ ቀን ነበር።

በአስካለ በኩል ታናሽ እህቷ የሺ መሰከረች። በእኔ በኩል ሚዜዬ ሽፈራው ከገርጂ መጣ። ጆሮው ትንሽ ደከም ብሏል፤ ድምፁ ግን እንደ ጥንቱ ነው።

«አባባ፣ ሲጋቡ እርስዎ ነበሩ?» ብሎ ጮኾ ጠየቀው መዝጋቢው።

«ነበርኩ ወይ?» አለ ሽፈራው። «ሙሽሪትን አዝዬ ወንዙን ያሻገርኳት እኔ ነኝ! እሱማ አዲስ ጫማው እንዳይረጥብበት ድንጋይ ለድንጋይ ሲዘል ነበር።»

ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ምስክርነቱ ለኔ ነው ብዬ።

መዝጋቢው መጻፉን ቀጠለ። ስም፣ ዕድሜ፣ የተጋባንበት ቦታ። ከዚያ ቀና ሳይል፣ «ጋብቻው የተፈጸመው በሁለታችሁ ነፃ ፈቃድ ነው? አቶ ተሰማ?» አለ።

«አዎ» አልኩ፤ ሳይጨርስ።

«ወይዘሮ አስካለ?»

አስካለ ነጠላዋን አስተካከለች። ያልሰማች መስሎኝ በክርኔ ነካ አደረግኋት።

«ሰምቻለሁ» አለችኝ። ወደ ልጁ ዞራ፣ «ያን ጊዜ እኔን የጠየቀኝ የለም» አለችው።

ልጁ መጻፉን አቆመ። «እንዴት ማለት ነው እማማ?»

«የጠየቁት አባቴን ነው። አባቴ እሺ አለ። እኔ ውሃ ቀድቼ ስመለስ ተድሬ ነበር።»

«እማማ፣ ፈቃድ አልነበረም ካሉ… እኔ ልመዘግበው አልችልም።»

ምሕረት በሩ ጋ ሆዷን ይዛ ቆማለች። አሥራ አንድ ቀን። ያን ጊዜ የሆነው ነገር ለእኔ ሳቅ አልነበረም። እኔ መሠረቱን ሳላይ በሰው ግንብ ላይ አንድ ድንጋይ ጨምሬ አላውቅም፤ የራሴ ቤት የቆመበትን ግን አርባ ስድስት ዓመት ጎንበስ ብዬ አላየሁትም። ይህች ሴት እምቢ ብትል ጥፋቷ ምኑ ላይ ነው?

«አንቺ አስካለ! አዎ በይና እንሂድ!» አለች የሺ።

«ቆይ እስቲ! አርባ ስድስት ዓመት የዘገየ ጥያቄ እንዲህ በጥድፊያ ይመለሳል?» አለች አስካለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ገበያ ላይ ዶሮ እንደሚመርጥ ሰው ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ሰው እያወራው ይተኛል» አለች ለመዝጋቢው። «ሹሮ ቀጠነ ብሎ ያጉረመርማል። የገዛ ልብሱ የት እንዳለ አያውቅም። ግን እጁን አንስቶብኝ አያውቅም። ሳሙኤልን ስወልድ ምጥ ጠናብኝ፤ ሁለት ቀን ከደጁ ንቅንቅ አላለም።» ትንሽ አሰበች። «የዛሬውን ፈቃድ ከቆጠርክልኝ፣ ፈቅጃለሁ። ጻፍ።»

«እማማ፣ ፎርሙ ላይ ያለው ‹አዎ› ወይም ‹አይደለም› ብቻ ነው።»

«እንግዲያ አዎ በለው። ረጅሙን እሱ ሰምቶታል።»

ማኅተሙ ሲመታ ሽፈራው ምን እንደተባለ ሳይሰማ አጨበጨበ።

በማግሥቱ ሰርተፍኬቱን ይዘን ቦሌ ስንሄድ አስካለ «እኔም እመጣለሁ፤ ከጣውንቴ ጋር ብቻህን አትሄድም» ብላ ተከተለችን። ያቺው ልጅ ወረቀቱን አገላብጣ አየች።

«አባቴ፣ ይኸኛው ጋብቻ የተመዘገበው ትናንት ነው» አለች። «ቪዛው ደግሞ የወጣው ከዚያ በፊት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ያገቡት…»

አስካለ መስታወቱ ሥር ወዳለችው ቀዳዳ ፊቷን አስጠጋች። «ልጄ፣ እስቲ እኔን እይኝ። ትናንት የተሞሸርኩ እመስላለሁ?»

ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሰርተፍኬቱ ላይ የተጋባንበት ዘመንም አለ፤ ያንን አስምራበት ላከችው።

ስድስት ቀን ጠበቅን። ሊዘጋባት አራት ቀን ሲቀራት የታረመው መጣ። ባል፦ ሳሙኤል። ደብዳቤው ስለ ትዕግሥታችን ምስጋና ነበረበት። ይቅርታ የሚል ቃል ምሕረት ፈልጋ አጣች፤ ምናልባት ለእሱ ሌላ ፎርም ይኖረው ይሆናል። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በረረች። እዚያው ከባሏ ዘንድ ሴት ልጅ ወለደች።

እሷን ሸኝተን ስንመለስ መኪና ውስጥ አስካለን ጠየቅኋት። «እውነቱን ንገሪኝ። ያን ጊዜ ብትጠየቂ ምን ትይ ነበር?»

«እምቢ» አለችኝ፤ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል።

«እምቢ?»

«የመጀመሪያውን እምቢ እል ነበር። ተመልሰህ ከመጣህ አስብበት ነበር።»

ያ ማዶ የተቀመጠ ሰው ይህን ቢያነብ እንዳኮረፍኩበት አይቁጠረው። እሱ በግድየለሽነት ባይድረኝ ኖሮ፣ አብሬያት ያረጀኋት ሴት እንደፈቀደችኝ ሳላውቅ እሞት ነበር። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ምንም ነገር ከማድረጌ በፊት አስካለን መጠየቅ ለምጃለሁ። እሷም መልሱን ለመስጠት አትቸኩልም።