የሟች ፈረስ በባነር ላይ

ዳንግላ ባነር ማተሚያ ቤት ስደርስ ዲዛይነሯ በኮምፒውተሯ ፈረሱ ላይ ሰው እያስቀመጠች ነበር።

ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ከአራት ቀን በፊት፣ ከእንጅባራ ወደ ጥርባ በሚወስደው መንገድ ዳር። እዚያ አገር ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ሙሉ ጌጡን ለብሶ ለቅሶው መሃል ይዞራል። ኮርቻው ላይ ማንም አይወጣም፤ የሟቹ ጋቢ ብቻ ይጋደምበታል። ከባጃጅ ወርጄ የሟቹን ታላቅ ወንድም አስፈቀድሁ።

“ለምን ይሆንሃል?” አሉኝ በአገውኛ።

“ለእናንተ ማስታወሻ። ለእኔም” አልኋቸው።

“አንዴ ብቻ” አሉ። አንዴ ብቻ አነሳሁ፤ ፎቶውን ላደርስላቸውም ስልካቸውን ተቀበልሁ።

ጋዜጠኛ ነኝ። ለብዙ ዓመታት ያነሳሁት ስብሰባ፣ ምርቃትና ሪባን ሲቆረጥ ነው። ማንም ሳያዝዘኝ ያነሳሁት፣ አንድ ቀን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ “ይህ የእኔ ነው” የምለው ፎቶ ቢኖር ያ ነበር።

ስህተቱም የእኔ ነው። ያን ሰሞን የዓመት ፈቃድ ወስጄ ዳንግላ ውስጥ አዲስ ሆቴል ለሚከፍት የክፍል ጓደኛዬ ፎቶ እያነሳሁለት ነበር። በሥራው ቀናት የማነሳው ሁሉ የእሱ እንዲሆን ተፈራርመናል። የሌላውን ሰው ቃል ሦስት ጊዜ የማጣራ ሰው፣ የራሴን ፎቶ ሳልለይ ሚሞሪውን እንዳለ ሰጠሁት። እሱም ለበሩ ባነር የመረጠው ያንኑ ሆነ።

“ይሄ እኮ የለቅሶ ፈረስ ነው” አልሁት።

“ለዚያ ነው ሰው የማስቀምጥበት” አለ ጓደኛዬ፣ ዲዛይነሯ አጠገብ ከተቀመጠበት ሳይነሳ። “ፈረስ አንሳልኝ አልሁ፣ ባዶ አመጣህልኝ። እሞላዋለሁ።”

የተቀመጠው ሰውዬ ከሌላ ቀን ፎቶ ተቆርጦ የመጣ ነው። ይስቃል። ጭኑ ጋቢውን ሸፍኖታል፤ እግሩ ግን እርካቡ ጋ አልደረሰም።

“እግሩን ትንሽ ላስረዝመው?” አለች ዲዛይነሯ።

“አስረዝሚው” አላት።

“አንተ የከተማ ልጅ ስለሆንህ ነው” አልሁት። “ገጠሬው ሁሉ ያውቀዋል።”

“አልጋ የሚይዘው ከባሕር ዳር የሚመጣው ነው። እሱ የለቅሶ ይሁን የሠርግ በምን ይለየዋል?”

“እንግዳህን በርህ ላይ የሚያወርደው ባለጋሪ ይነግረዋል።”

“ባለጋሪ አልጋ አይዝም” አለና ሳቀ። ቀጥሎ ሳቁን ተወ። “አንተ ጋዜጠኛ ነህ። መቼ ነው ሰዓሊ የሆንኸው? ውሉን ፈርመሃል አልፈረምህም?”

“ፈርሜያለሁ።”

“በቃ።”

የባነሩ ጥቅል ማሽኑ ላይ ተጭኗል። ዲዛይነሯ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች።

“ቤተሰቡን ላስፈቅድ” አልሁ። “እሺ ካሉ አፌን እዘጋለሁ።”

“ደውል።”

ሁለት ጊዜ ኔትወርኩ እንቢ አለ። በሦስተኛው የሟቹ ወንድም አነሱ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖርሁት። የሆነውን ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ ጥፋቴንም ጭምር፣ በአማርኛ ነገርኋቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

“ባለሆቴሉ አጠገብህ ነው?”

ጓደኛዬ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ። “አለሁ፣ አባቴ። እግዜር ያጥናዎት። ለክፉ አይደለም፣ ለማስተዋወቅ ነው።”

“መቼ ነው የምትከፍተው?”

“ቅዳሜ።”

“ታዲያ ስለምን በሥዕል? ቅዳሜ ፈረሱን ራሱን ይዤልህ እመጣለሁ። ከነጌጡ፣ ከነጋቢው። በርህ ላይ አስረው። ኮርቻው የሟች ቦታ ነው፤ የሚቀመጥበትን ሰው ግን ከቤትህ አንተ ታወጣለህ።”

ስልኩ ተዘጋ። ጓደኛዬ ሦስት ልጆች አሉት። ቀና ሲል ፊቱ ሌላ ሆኖ ነበር።

“በፈረሱ ፈንታ የአልጋ ክፍሎቹን ፎቶ አድርጊ” አላት ዲዛይነሯን። ወደ እኔ ዞረ። “ውል ግን ውል ነው። እኔ ካልሠራሁበት አንተም አትሠራበትም። አጥፋው።”

እንቢ ማለት እችል ነበር። ፊርማዬ ግን ፊርማዬ ነው፤ ፊርማውን የሚክድ ሰው ላይ ስንት ዜና ጽፌያለሁ።

“ለቤተሰቡ አንድ ይታተም። ከዚያ አጠፋዋለሁ።”

ትንሽ አሰበ። “አንድ” አለ።

ዲዛይነሯ ሰውዬውን ከፈረሱ ላይ አነሳችና አንድ አተመች። እሷ ከኮምፒውተሯ፣ እኔ ከሚሞሪው፣ እሱ እያየ አጠፋነው። ሳንሰነባበት ወጣሁ።

በማግስቱ ለሟቹ ወንድም አደረስሁ። ራቅ አድርገው ይዘው ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ በንጹሕ ነጠላ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ አስቀመጡት።

“ላንተስ ቀርቶልሃል?”

“የለኝም” ብዬ ምክንያቱን ነገርኋቸው።

ሣጥኑን ቆለፉና ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ።

“ባሰኘህ ቀን ና፣ ከፍቼ አሳይሃለሁ” አሉ። “ባለሆቴሉን ግን ይዘህብኝ እንዳትመጣ።”