ግድግዳው ይሞቃል

ሰፈሩ «አቶ አጥፉት» የሚል ስም ያወጣላቸው ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የከተማ አውቶቡስ ትኬት ተቆጣጣሪ ነበሩ። ያለ ትኬት የተሳፈረን ሰው ከአንገቱ አኳኋን ይለዩታል። የገዛ እናታቸውን ትኬት ጠይቀዋል ተብሎ ይወራል፤ ውሸት ነው፣ የጠየቁት አማታቸውን ነው።

ጡረታ ሲወጡ ቁጥጥሩም አብሯቸው ወደ ቤት ገባ። የመብራት ቢሉ በየወሩ እያበጠ ሲመጣ ነገሩ ወዲያው ተገለጠላቸው፤ እዚህ ቤት ውስጥ ያለ ትኬት የሚሳፈር አለ። ቤቱ ውስጥ ከእሳቸው ሌላ ያሉት ባለቤታቸው ብቻ ስለሆኑ ምርመራው ብዙም አልፈጀም።

በአንዲት ሚስት ላይ እንደ ሙሉ አውቶቡስ «አጥፉት» እያሉ ይጮኹ ጀመር። የበረንዳው አምፖል ወለቀ፣ የኮሪደሩም ተከተለ። ባለቤታቸው ፍሪጁን ሊከፍቱ ሲሉ ከኋላ ቆመው «ምን ልታወጪ ነው? መጀመሪያ አስቢና ክፈቺ» ይላሉ። ጋዙም አልቀረለትም። ድስቱ ገና መፍላት ሲጀምር ምድጃውን ዘግተው «በራሱ ግለት ይጨርስ» ይላሉ፤ ድንቹ ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ ለዘር የተዘጋጀ ይመስል ነበር።

ይህን ሁሉ ባለቤታቸው በሳቅ ያሳልፉት ነበር። የማይሳቅበት እጃቸው ነው። ጣቶቻቸው መገጣጠሚያው ላይ ያብጣሉ፤ ማለዳ ሙቅ ውሃ ውስጥ ካልተነከሩ መርፌ አይዙም፣ ቁልፍ አይቆልፉም። የመታጠቢያ ቤቱ የውሃ ማሞቂያ ደግሞ ከሞተ ቆይቷል። ቀይ መብራቱ ጠፋ፣ ከቧንቧው ቀዝቃዛ ውሃ መጣ፣ አቶ አጥፉት «ሞቷል» ብለው ፈረዱ፣ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ሴትዮዋ ውሃ የሚያሞቁት በጋዝ ነው፤ እሱንም እየተቆጠረባቸው።

«ማሞቂያውን ሰው ጠርተን እናሳየው» አሉ አንድ ቀን።

«የሞተ ነገር ምኑ ይታያል?»

«የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ እኮ ይሞቃል።»

«ፀሐይ ነው።»

«በዚህ ዝናብ?»

«ደመና ውስጥም ፀሐይ አለ። አንቺ አታውቂም።»

ከቤቱ ጀርባ ደግሞ በዚያው ሰሞን ድመት በዛ። የሰፈሩ ድመት ሁሉ ግድግዳው ሥር ተጋድሞ ይውላል፤ አንዳንዱ ከሌላ ከተማ ሻንጣውን ይዞ የመጣ ይመስላል። አቶ አጥፉት በዚህ ኩራት ተሰማቸው። «እንስሳ ቁጥብ ሰው ይወዳል» አሉ።

አንድ ጠዋት ባለቤታቸው ውሃ ጥደው ፎጣ ሊያመጡ ገባ ሲሉ፣ እሳቸው ምድጃውን ዘጉት። ሴትዮዋ ተመልሰው ውሃውን በጣታቸው ነካ አደረጉት። ለብ እንኳ ባላለው ውሃ ውስጥ እጃቸውን ነከሩ።

በማግስቱ ልጃቸው መጣች። «አባዬ፣ እማዬ ለትንሽ ጊዜ እኔ ጋ ትቆይ» አለች። ባለቤታቸው መነጽራቸውንና የሹራብ ሥራቸውን ይዘው በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው «ቢሉ ሲቀንስ ደውልልኝ» አሉ።

አቶ አጥፉት ይህን እንደ ቀጠሮ ወሰዱት። ቢሉ ይቀንሳል፣ ይደውላሉ፣ ሚስታቸው ይመለሳሉ። ስለዚህ ያን ወር እንደ ሌሊት ወፍ ኖሩ። በጨለማ ጥርስ ከመቦረሽ ብዛት አንድ ቀን አፍንጫቸውን በጥርስ ሳሙና አጠቡ። ራታቸው ዳቦ ነው፤ ፍሪጁም ተነቅሎ ልብስ መስቀያ ሆነ።

ቢሉ መጣ። እንደ ድሮው ነው፤ ንቅንቅ አላለም።

ተሳፋሪው ወርዷል፤ አውቶቡሱ ግን ሙሉ ነው። ቀጥሎ የጠረጠሩት ጎረቤታቸውን ልብስ ሰፊዋን ነበር።

«ልጄ፣ ያንቺ ካውያ የሚሠራው በማን ቆጣሪ ነው?»

«በራሴ ነዋ ጋሼ» አለች ካውያዋን አስቀምጣ። «ይልቅ ኑ፣ የእርስዎን እንየው። ቤት ውስጥ ምን በርቷል?»

«ምንም።»

ቆጣሪው ላይ ያለችው ትንሽ ቀይ መብራት ግን ብልጭ ድርግም ትላለች። «እንግዲያው መብራት የሚበላ ነገር ውስጥ አለ። ብሬከሮቹን አንድ በአንድ ያውርዷቸው፤ እኔ እዚህ አያለሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

የሳሎኑን አወረዱ። «ትቆጥራለች» አለች ከውጭ። የወጥ ቤቱን አወረዱ። «አሁንም።» ጽሑፉ የደበዘዘውን የመጨረሻውን ሲያወርዱ፣ «ቆመች» አለች።

የመታጠቢያ ቤቱ ነው። አቶ አጥፉት ገብተው ሞቷል ያሉት ማሞቂያ ላይ መዳፋቸውን አሳረፉ፤ እንደተነከሰ ሰው ነጠቁት። የሞተችው ለካ ቀይዋ መብራት ብቻ ነበረች። ማሞቂያው ቀን ከሌት ሲያፈላ ኖሯል፤ ቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ተሰንጥቆ ሙቁ ውሃ መታጠቢያው ሳይደርስ ወደ ጀርባ ይፈሳል። ወጥተው አዩ። ድመቶቹ ሆዳቸውን ወደ ሰማይ ሰጥተው ተዘርረዋል።

ልብስ ሰፊዋ ሳቀች። ፊታቸውን ስታይ አቋረጠችው።

ቧንቧ ሠራተኛ መጣ፣ ተጠገነ። የሚቀጥለው ቢል ከግማሽ በታች ወረደ። ደወሉ።

«ቀነሰ» አሉ።

«ምን ነበር?» አሉ ባለቤታቸው።

«ማሞቂያው።»

«ግድግዳው በለኛ።»

«አዎ። ግድግዳው።» ቁጣ ቢመጣ መልስ ነበራቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ለተቆጣ ተሳፋሪ መልስ ሰጥተዋል። ቁጣው አልመጣም። «አሁን ውሃው ሙቅ ነው። እንደልብሽ ትታጠቢያለሽ» አሉ።

«እዚህም ሙቅ ነው። እዚህ ስታጠብ ቆሞ የሚያየኝ የለም።»

«መቼ መጥቼ ልውሰድሽ?»

«እስቲ እጄን ትንሽ ይሻለኝ።»

ሰበብ ነበር። ሰበብን በድምፁ ብቻ የሚለይ ጆሮ አላቸው፤ ስንቱን «ትኬቴ ከኪሴ ወደቀ» ባይ አውርደውበታል። ይህን ግን ሳይጠይቁ አሳለፉት። «እሺ፣ ይሻልሽ» ብለው ስልኩን ዘጉ።

ወደ ጀርባ ወጡ። ግድግዳው ከቀዘቀዘ ወዲህ ድመቶቹ አንድ በአንድ ሄደዋል። የቀረው አንድ ሽማግሌ ድመት ግድግዳውን በጎኑ ታከከው፣ ጠበቀ፤ መስመሩ የተሰረዘበት ተሳፋሪ ይመስል አቶ አጥፉትን ቀና ብሎ አያቸው። ከዚያ አጥሩን ዘሎ ሄደ።

አቶ አጥፉት ወደ ቤት ገቡ። ኮሪደሩ ላይ ከልማድ የተነሳ «አጥፉት» አሉ።

የበራ ነገር አልነበረም።