ያልተኙት ዘበኛ

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ዌብሳይት እየሠራህ ምን ትበላለህ የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም ራሴን እጠይቃለሁ። ስቱዲዮዬ አስፋልቱ ዳር፣ ከጎማ ጠጋኙ ቀጥላ ያለች አንዲት ክፍል ናት። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ፣ የቆላውን ሙቀት ከወዲያ ወዲህ ከማዞር በቀር ጥቅም የሌለው ቬንትሌተር፤ በቃ ይኸው ነው። ለሆቴሎችና ለፔንሲዮኖች ዌብሳይት እሠራለሁ፣ የፌስቡክ ገጽና የቴሌግራም ቻናል እከፍታለሁ፣ ማስታወቂያ እጽፋለሁ። ቃል አይጠፋኝም ብዬ እኮራ ነበር። ዛሬ አልኮራም፤ ምክንያቱን ልናገር።

አንዲት የፔንሲዮን ባለቤት ሥራ ሰጡኝ። እትዬ ነው የምላቸው። በደሴ መንገድ የሚመላለሰው ሁሉ እሳቸው ጋ እንዲያድር ገጻቸውን እንዳሳምርላቸው ፈለጉ። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁኝ፦ "እኔ ሳላየው ምንም ነገር እንዳትለጥፍ።" እሺ አልኩ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል!

በሩ ላይ የቀን ዘበኛ ነበሩ፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። የቀወት ገጠር ሰው ናቸው። በዚያ ሙቀት ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ይቆልፋሉ። ቀትር ላይ ሌላው ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ሲበተን እሳቸው ፕላስቲክ ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው የሚገባ የሚወጣውን ይቆጣጠራሉ። የእንግዳውን ሁሉ የመኪና ታርጋ በቃላቸው ይይዙ ነበር።

ክፍሎቹን ፎቶ አንስቼ ስወጣ በሩ አጠገብ ባለችው የኒም ዛፍ ሥር ተቀምጠው አየኋቸውና አንድ ሐሳብ መጣልኝ።

"ጋሼ፣ እስኪ አንድ ፎቶ ላንሳዎት።"

"የእኔ ፎቶ ምን ያደርግልሃል?" አሉ፤ ግን ኮታቸውን አስተካከሉ።

አነሳኋቸው። ለመታወቂያ የሚነሱ ይመስል ፍጥጥ ብለው ያዩኛል። "አሁን ደግሞ ዓይንዎን ጨፈን ያድርጉ" አልኳቸው።

"እንዴ! ዘበኛ ዓይኑን ይጨፍናል?"

"ለአንድ አፍታ ነው ጋሼ፤ ለቀልድ።"

"እንግዲህ አንተ ካልክ" አሉና ጨፈኑ። አንገትዎን ወደ ግንዱ ዘንበል ያድርጉ አልኳቸው፤ ዘንበል አደረጉ። ወዲያው ግን ሳቃቸው መጣና ገለጡ። እሱንም አነሳሁ። በጠቅላላው ስምንት ፎቶ።

የተጨፈነውን መርጬ "እኛ ጋ ዘበኛውም ያርፋል" የሚል ጻፍኩበትና ለጠፍኩት። ለእትዬ አላሳየሁም፤ አይሆንም እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው። ሕዝቡ ወደደልኝ። ሼር ብቻ! በሦስተኛው ቀን አንድ የማላውቀው ሰው የጋሼን ፊት ቆርጦ የቴሌግራም ስቲከር አደረገው፤ "ሥራ ላይ ነኝ" ብሎም ጻፈበት። ከዚያ በኋላማ ምኑ ይወራል! አለቃ ሪፖርቱ የት ደረሰ ሲል ጋሼ ይላካሉ፤ ሚስት የት ነህ ስትል ጋሼ ይላካሉ። እኔስ? አንድ ደንበኛ "ዌብሳይቴ አላለቀም ወይ?" ቢለኝ ያንኑ ላክሁለት። ሁለታችንም ሳቅን። ይህን ስጽፍ ጆሮዬ ይግላል።

እትዬ ጉዱን የሰሙት አዲስ አበባ ካሉት ወንድማቸው ነው። ደውለው "አሁኑኑ ና" አሉኝ። ስደርስ ጋሼ ቢሮው ውስጥ ቆመዋል።

"አገር ሳቀብኝ እኮ!" አሉ እትዬ። "ዘበኛው የሚተኛበት ቤት ማን አምኖ መኪናውን ያቆማል?"

"አልተኛሁም" አሉ ጋሼ። "ጨፍኑ ብሎኝ ነው። ይኸው መጣ፤ ራሱ ይናገር።"

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። "እውነት ነው? ጨፍኑ ብለሃቸው ነው? ንገረኝና ወደ ሥራቸው ይመለሱ።"

ስምንቱም ፎቶ ኪሴ ውስጥ ነበሩ። ስልኬን አውጥቼ ማሳየት ብቻ ነበር። ሳላስፈቅድ መለጠፌን እንኳ በቁጣ ያልፉት ይሆናል፤ ዘበኛቸውን እኔው አስተኝቼ አገር እንዳሳቅሁባቸው ካወቁ ግን እንጀራዬ ተዘጋ። ለሌሎች ሁለት ሆቴሎች ሊያስተዋውቁኝም ቃል ገብተውልኝ ነበር።

"እኔ እንጃ እትዬ፤ ብዙ ፎቶ ስላነሳሁ ልብ አላልኩም" አልኩ።

ልብ አላልኩም! ቃል አይጠፋኝም ባዩ ያገኘሁት ቃል ይኸው ነው። ጋሼ አዩኝ። ይጮኻሉ፣ ይራገማሉ ብዬ ጠበቅሁ። "ይሁን" ብቻ አሉ። ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ወጡ። እኔን እትዬ ትንሽ ተቆጥተው ፎቶውን ከገጹ ላይ አስጠፉኝና ሥራዬን ቀጠልኩ። ሁለቱም ሆቴሎች መጡልኝ። ጋሼ ከተማውን ዞረው ሥራ እንደጠየቁና በየሄዱበት ሰዎች ስቲከሩን እያወጡ እንደሳቁባቸው የነገረኝ ጎማ ጠጋኙ ነው። ሰምቼ ወደ ኮምፒውተሬ ተመለስኩ።

ባለፈው ጥቅምት አንድ የሽንኩርት ነጋዴ ማሳዬን ፎቶ አንሣልኝ ብሎኝ በባጃጅ ወደ ቀወት ሄድኩ። ማሽላው እሸት ይዟል። ከመንገዱ ዳር ወንጭፍ ጮኸ፤ ቀና ብል ማማው ላይ ጋሼ ቆመዋል። የሰው ማሽላ ከወፍ ይጠብቃሉ። ከንጋት እስከ ምሽት ዓይን የማይከደንበት ሥራ ነው። ባለ ባጃጁን ንዳው ልለው ነበር፤ ግን አይተውኛል።

"ኧረ አንተ ልጅ! ደህና ነህ ወይ? ቤተሰብ ደህና?" እያሉ ወረዱ። ምነው በሰደቡኝ! ጭራሽ ማማው ሥር ካነደዱት ፍም ላይ እሸት አንስተው አሹና በእጄ አስያዙኝ።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ እያልኩ፣ ከተማ መምጣቱ አሳፍሮኝ ነው የቀረሁት" አሉ። "ያቺ ፎቶ አሁንም ሰው ስልክ ላይ አለች። ልጄ አሳየችኝ። ደጋግሜ ሳያት ጊዜ እኔም ራሴን ተጠራጠርኩ፤ ምናልባት ሸለብ አድርጎኝ ይሆን እንዴ እላለሁ። ዓይኔ ተገልጦ ያነሳኸኝ አንዲት እንኳ አልቀረችህም?"

ስልኬን አወጣሁ። አንድ በአንድ አሳለፍኩላቸው። ፍጥጥ ብለው። አሁንም ፍጥጥ ብለው። ከዚያ የተጨፈነችው። ከዚያ ሲስቁ።

"ይኸው! አላልኩም?" አሉ። ፊታቸው በራ። "ነቅቼ ነበር እኮ!"

"ነቅተው ነበር ጋሼ።"

ስልኩን ትንሽ አዩትና መለሱልኝ። "ያን ቀን፣ እትዬ ጋ ቆመን ሳለን፣ እነዚህ እዚሁ ስልክህ ላይ ነበሩ?"

"አዎ ጋሼ።"

"ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር። ዛሬውኑ ሄጄ ለእትዬ አሳያቸዋለሁ፤ ወደ ቦታዎ ይመልሱዎታል።"

"ሌላ ሰው ቀጥረዋል አይደል? እሱ ምን አጠፋና ይባረራል?" አሉ። ቀጥለው፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ "እኔ እኮ ልብ አላልኩም ስትል አምኜህ ነበር። ልጅ ነው፣ ረስቶ ነው እያልኩ ለሰው ሁሉ ስናገር ነው የኖርኩት" አሉኝ።

ወፉ ማሽላው ላይ ወረደ። ጋሼ ማማው ላይ ወጡ፤ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ወንጭፋቸውን አዞሩ። የሰጡኝ እሸት እጄ ላይ ነበር። ልበላውም ልጥለውም አቃተኝ።