ታደለች ያልጠራችው ስም

ይህን ለባሌም ለንስሐ አባቴም ተናግሬ አላውቅም። ሰባት ዓመት ይዤው ዞርኩ። ዛሬ የምጽፈው ሐፍረቴ ስላለቀ አይደለም፤ ምስጋናዬ ስለበዛብኝ ነው።

ጆሃንስበርግ ውስጥ የሕፃናት ሐኪም ነኝ። ያን ቀን ታደለች የምትባል የሆሳዕና ሴት የአምስት ወር ልጇን ታቅፋ ዳቬይተን ከሚባለው የከተማው ዳርቻ ሰፈር መጣች። ልጁ በትኩሳት ይቃጠላል። ባሏ ለሱቃቸው ዕቃ ሊያመጣ ጀፕ ወደሚባለው የሐበሾች የጅምላ ገበያ ወርዶ ስልኩን አያነሳም፤ የክትባት ካርዱን ደግሞ በድንጋጤ ቤት ረስታዋለች። የልጁ ፋይል ግን እኛ ጋ ስለነበር እናቱ መሆኗን ለማረጋገጥ ሙሉ ስሙን ተጠየቀች። እዚህ አገር የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይመዘገባል። የልጁን ነገረችን፣ የአባቱን ነገረችን፤ አያቱ ላይ ስትደርስ አፏን በእጇ ያዘች።

"ዶክተርዬ፣ እሱን ስም እኔ አልጠራም። የባሌ አባት ነው፤ እኛ አገር ነውር ነው" አለችኝ።

ገባኝ። ይህን እወቁልኝ፤ በደንብ ገብቶኛል። በእነሱ በኩል ያገባች ሴት የአማቷን ስም እንደማትጠራ አዲስ አበባ ሳድግ ሰምቻለሁ፤ ስቄበታለሁም። አለቃዬ "ምን አለች?" ሲለኝ ግን "አታውቀውም" አልኩ። በእንግሊዝኛ፣ እሷ እያየችኝ፣ "አታውቀውም" አልኩ።

ለምን? አፈርኩባት። ስንት ዓመት ለፍቼ እንደዚህ አገር ሐኪሞች ከተቆጠርኩ በኋላ በፊታቸው ስለ አማትና ስለ ነውር ማስረዳት አስጠላኝ። ምን ሊያስከትል ይችላል ብዬ ነበር? ማሰብም አልፈለግሁም።

ልጁ የእሷ ላይሆን ይችላል ተብሎ ስለተጠረጠረ፣ ነገሩ እስኪጣራ ታደለች ልጇ ያለበት ክፍል እንዳትገባ ተከለከለች። እስከ ማግስቱ ኮሪደር ላይ ተቀምጣ ለቅሶውን ሰማች፤ የባሏ ስልክ ሌሊቱንም አልተነሳም። ጡቷ ሞልቶ ቀሚሷን አርሶት ነበር። ሦስት ጊዜ በአጠገቧ አለፍኩ፤ ሦስቴም "አይዞሽ" አልኳት። እኔ! "አይዞሽ"!

ጠዋት ማማ ኖምሳ ገባች፤ ጡረታዋ የደረሰ የዙሉ ነርስ ናት። ታደለችን አየች፣ ፋይሉ ላይ "የአያቱን ስም አታውቅም" የሚለውን አነበበች፣ ወደ እኛ ዞረች።

"ያገባች ሴት አይደለችም እንዴ? እኛ ህሎኒፓ እንለዋለን። እኔም የባሌን አባት ስም እስከ ዛሬ አፌ ላይ አላደረግሁትም። እንዴት እንዲህ ትጠይቋታላችሁ?"

ከዚያ ስሙን ራሷ ከፋይሉ አነበበችላት። ታደለች አንገቷን ደፍታ "አዎ" አለች። ልጇን ሰጧት፤ ልጁም ዳነ። አምላክ ይመስገን።

ማማ ኖምሳን እስክሞት አመሰግናታለሁ። ቋንቋዋን የማትሰማው ተረዳቻት፤ የምሰማው እኔ በር ዘጋሁባት። ዛሬ እኛ ክፍል እናቶች ስም እንዲጠሩ አይገደዱም፤ እኛ እናነባለን፣ እነሱ ያረጋግጣሉ። የሰው ባህል ስለማክበር ለአዳዲስ ሐኪሞች የማስተምረውም እኔ ሆኛለሁ። የታደለችን ታሪክ እነግራቸዋለሁ፤ "በቋንቋ ስላልተግባባን" እላለሁ፤ ይጨበጨብልኛል።

ታደለችም በየገናው ትደውላለች። "አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር፣ ጌታ ይባርክሽ" ትለኛለች። ያን ቀን ሁለቱንም ቋንቋ የሰማሁ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ምን እንዳልኩ እስከ ዛሬ አታውቅም። ልጇ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ገብቷል።

ደክሞኝ ነበር አልልም፤ አልደከመኝም። ወጣት ነበርኩም አልልም። ማማ ኖምሳ ባትመጣ ስንት ቀን ዝም እል ነበር?

ቅዳሜ ዳቬይተን እሄዳለሁ። ያልኩትን እነግራታለሁ፤ በአማርኛ፣ ቃል ሳልቀንስ። ይቅር ማለት የእሷ ነው። ሰባት ዓመት የተቀበልኩትን ምስጋና ግን እመልስላታለሁ፤ የእኔ አልነበረም።