የቀኝ እጄ ጥፍሮች

የሱፐር ግሉ ሽታ ለብዙ ሰው የተላቀቀ ጫማ ወይም የተሰበረ ስኒ ያስታውሰው ይሆናል፤ እኔን ግን ቴክሳስ፣ ኧርቪንግ ወደነበረው የልጅነት ቤታችን ይመልሰኛል። ፍላሜንኮ የሚባለውን የስፔኖች ሙዚቃ በጊታር እጫወታለሁ፣ እደርሳለሁም። መድረክ ልወጣ ስል የተሰነጠቀ ጥፍሬን በዚያ ሙጫ ስጠግን፣ ሽታው ገና አፍንጫዬ ሲደርስ፣ አባቴ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አውርዶ፣ ምላሱን በጥርሱ ነክሶ፣ ጣቴን ጠበቅ አድርጎ ይዞ ይታየኛል።

አባዬ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ይጭን ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ሥራው የእኔን ጥፍር መቁረጥ ነበር። የመታጠቢያ ገንዳው ጠርዝ ላይ አስቀምጦኝ፣ እጄን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ ከትንሿ ጣቴ ጀምሮ አንድ በአንድ ይቆርጥልኝ ነበር። «ቅዳሴ የሚሄድ ሰው የሳምንቱን እድፍ በጥፍሩ ይዞ አይሄድም» ይለኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሻንጣ ሲወረውር የሚውል እጅ እንዴት እንደዚያ እንደሚለሰልስ እስከ ዛሬ አይገባኝም፤ አንድም ቀን አላደማኝም።

ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ሌዊስቪል ካለ አንድ መጋዘን ሁለተኛ ሥራ ያዘ፣ ቅዳሜም ተወሰደብኝ። ጥፍር ቆረጣው ለእማዬ ተላለፈ፤ እሷ ደግሞ ስልክ በትከሻዋ ይዛ፣ ድስት እያየች፣ ግማሹን ቆርጣ ግማሹን የምትረሳ ሰው ነበረች።

አባዬ የቴክሳስን ሰመር «ክረምት» እያለ ነበር የሚጠራው፣ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ የፓርኪንጉ አስፋልት በሙቀት እየላላ። ከእነዚያ «ክረምቶች» በአንዱ፣ አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ፣ ከእኛ በታች ባለው ቤት ማኑኤል የሚባሉ የስፔን ሽማግሌ ገቡ። እማዬ በምትሠራበት ሆቴል የጥገና ሠራተኛ ነበሩ። ማታ ማታ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ደረጃው ሥር ወንበር አውጥተው ጊታር ይጫወቱ ነበር፣ እኔም ቆሻሻ ልደፋ ብዬ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀምጬ እቀር ነበር። የቆሻሻው ከረጢት ከጎኔ መሽተት ሲጀምር ነው የምነቃው። አንድ ቀን ዞር ብለው ጊታሩን አቀበሉኝ፣ በዚያው ቀረሁ። የትምህርቱ ክፍያ የእማዬ ምስር ወጥ ነበር።

ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር የጥፍር ነገር መጣ። ማኑኤል «ፍላሜንኮ ግማሹ ጊታር ነው፣ ግማሹ ጥፍር» ይሉ ነበር። የግራው እጥር፣ የቀኙ ረዘም ማለት አለበት። እማዬ ሁለት ሳምንት እምቢ ብላ፣ በሦስተኛው ደረጃው ላይ ቆማ ስጫወት ሰማችኝ። «በይ እሺ፣ የግራው ለእግዜር፣ የቀኙ ለሙዚቃሽ። ለአባትሽ እኔ ነኝ የምነግረው፣ አንቺ ዝም በይ» አለችኝ። ዛሬ ነገ እያለች ግን ሳትነግረው ቀረች። አባዬ ጊታሩን አይጠላውም፣ መጫወቻ ነው ብሎ ነበር የተወው፤ ረጅም ጥፍር ግን ለእሱ ነውር ነበር። እሑድ እሑድ ሦስታችን አንድ ትሪ ላይ ስንቀርብ እማዬ ጉርሻ ታበዛልኝ ነበር፣ አባዬም ፍቅራችንን እያየ ደስ ይለው ነበር። ፍቅርም ነበር፤ ግን ቀኝ እጄን ከጠረጴዛው በታች ማቆያ ዘዴም ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ብርዱ እንደገባ፣ ማኑኤል «እኔ የማውቀውን ጨርሻለሁ። ከዚህ በኋላ እውነተኛ መምህር ያስፈልግሻል» አሉኝ። እውነተኛ መምህር ያለው በነጻ በሚያስተምር አንድ የኪነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነበር፣ እዚያ የሚገባው ደግሞ ፈተናውን ያለፈ ብቻ ነው። ሌላ ቦታ ከፍሎ ማስተማር ለእኛ ቤት የሚታሰብ አልነበረም። ስለዚህ ክረምቱን፣ የእውነተኛውን ብርዳማ ክረምት ማለቴ ነው፣ አንድ ዜማ ይዤ ከረምኩ። ፈተናው ዛፎቹ ማቆጥቆጥ ሲጀምሩ፣ ሰኞ ቀን ነበር።

ከዚያ ሰኞ በፊት በነበረው ቅዳሜ ረፋዱን ሙሉ ተለማምጄ፣ ምሳ እንደበላሁ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ጣለኝ። እማዬ ሥራ ላይ ነበረች። ስነቃ አባዬ አጠገቤ ተንበርክኮ እጄን በእርጥብ ፎጣ ይጠርጋል። ፊቱ ላይ እንደዚያ ያለ ደስታ አይቼ አላውቅም።

«ሺፍቴ ካንስል ሆነ» አለኝ። «ማለቴ፣ ገና መንገድ ላይ እያለሁ ኮል አደረጉልኝ። ሶ፣ እንደ ድሮው ልቁረጥላት ብዬ። እናትሽ ጊዜ አጥታ ነው መሰለኝ የቀኙ እንዲህ ያደገው።»

ናፕኪን ላይ አሥሩም ቁርጥራጭ በሥርዓት ተሰብስቧል። ተኝቼ እንኳ አላደማኝም።

«በጥፍር እኮ ነው ፕሌይ የማደርገው፣ አባዬ» አልኩት። «ሰኞ ኦዲሽን አለኝ። ያለ ጥፍር ሳውንዱ አይወጣም።» ከዚያ አለቀስኩ።

አባዬ ናፕኪኑን ብዙ አየው። ሲናገር ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፣ ያ ነው የባሰብኝ። «ለምን አልነገራችሁኝም? እዚህ ቤት እኔ እንግዳ ነኝ ማለት ነው?» አለ። ተነሥቶ በካልሲው ወደ ታች ወረደና፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንገቱ ብቻ ሰላም ሲላቸው የኖሩትን የማኑኤልን በር አንኳኳ።

ማኑኤል መጥተው እጄን አዩና ሳቁ። አገራቸው ሳሉ ጥፍራቸው ሲሰበር የፒንግ ፖንግ ኳስ እየቆረጡ ይለጥፉ እንደነበር ነገሩን። አባዬ ዓረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ አልጠበቀም፤ መኪናውን አስነሥቶ ሄዶ ስድስት ኳስና ሦስት ሱፐር ግሉ፣ ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ የሚበቃ፣ ይዞ መጣ። ከዚያ ያንኑ ጥፍር መቁረጫ አንሥቶ፣ ኳሱን በጥፍሬ ልክ እየቆረጠ፣ እየሞረደ፣ ይለጥፍልኝ ጀመር። አውራ ጣቴና ጠቋሚዬ አማረባቸው። ሦስተኛው ላይ ሙጫው በዛና የእሱ ጣት ከእኔ ጣት ጋር ተጣበቀ።

ብንስብ አይላቀቅም። ማኑኤል ሙጫ ማስለቀቂያ አሴቶን ፍለጋ ወደ ቤታቸው ወረዱ፣ እኛ እጅ ለእጅ ተጣብቀን ጠረጴዛው ላይ ቀረን። ከሌዊስቪሉ መጋዘን ወዲህ አባዬ ከእኔ ጋር ያን ያህል ተቀምጦ አያውቅም።

«እስኪ ምንድነው የምትጫወቺው? በአፍሽ አሰሚኝ» አለ።

አንጎራጎርኩለት። አሥራ ሁለት ምት አለው፣ ክብደቱ የሚያርፈው ግን ሰው በማይጠብቅበት ቦታ ነው። ባልተጣበቀው እጁ ጠረጴዛውን እየመታ ሊከተለኝ ሞከረ፣ ጠፋበት፣ «ከመጀመሪያው» አለኝ። በአራተኛው ያዘው። «የሠርግ ጭብጨባ እኮ ነው፣ መንገድ ላይ ትንሽ ያነክሳል እንጂ» አለና ዓይኑን ጨፍኖ ይመታ ገባ። ማኑኤል አሴቶኑን ይዘው በሩ ላይ ቆመው ነበር፣ እስክንጨርስ አልገቡም።

«ይህ ሰው እስከ ዛሬ የት ነበር?» አሉ።

«ሌዊስቪል» አላቸው አባዬ።

እሑድ ቅዳሴ በኳስ ጥፍር ሄድኩ፤ «ቄሱ ከጠየቁሽ የአባቴ ሥራ ነው በያቸው» ብሎኝ ነበር። ሰኞ ከአውሮፕላን ማረፊያው ፈቃድ ወስዶ ራሱ አደረሰኝ። ዜማው መጨረሻ ላይ የቀለበት ጣቴ ጥፍር ተነቅሎ ፈታኞቹ እግር ሥር ወደቀ፤ በአራቱ ጨረስኩ። አለፍኩ። በዚያው ዓመት አባዬ የመጋዘኑን የቅዳሜ ሺፍት ለወጠ፤ ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ የግራ እጄን ቆርጦ ሲጨርስ መቁረጫውን አንሥቶ «የቀኙስ?» ብሎ ይጠይቀኝ ነበር፣ መልሱን እያወቀ። ከዚያ ጊታሬን ሳነሣ ቁጭ ብሎ ያጨበጭብልኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ አርሊንግተን ባለው ዩኒቨርሲቲ ተማርኩ፣ የማኑኤል አገር ሄጄ ከሚጫወቱት ጋር ተጫወትኩ፣ የራሴን ድርሰቶች ጻፍኩ። ሰው በደንብ የሚያውቅልኝ ድርሰቴ «ቅዳሜ» ይባላል፤ የሚጀምረው ጊታር ሳይሰማ፣ እንጨት ላይ በሚመታ አንድ እጅ ነው። ስለ ችሎታዬ ሲያወሩ እሰማለሁ፣ አመሰግናለሁም፤ ግን ምስጋናው የማን እንደሆነ አውቃለሁ።

አባዬ አሁን ጡረታ ወጥቷል። የሻንጣ ዘመን ጣቶቹን አድርቆበት መቁረጫውን መጫን አቅቶታል፤ ስለዚህ ከተማ ባለሁበት ቅዳሜ ሁሉ እጁን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሬ፣ ከትንሿ ጣቱ ጀምሬ እቆርጥለታለሁ። እኔ እንደ እሱ እጀ ለስላሳ አይደለሁም፣ ሁለቴ አድምቼዋለሁ። ግራውን ስጨርስ «የቀኙስ፣ አባዬ?» እለዋለሁ። «ጠይቀሽ ቁረጪ። ሳይጠይቁ መቁረጥ የሚያመጣውን እኔ አይቻለሁ» ይለኛል።

አንዳንድ ቅዳሜ ግን ግራውን ሳልጨርስ እንቅልፍ ይወስደዋል። እንደዚያ ሲሆን መቁረጫውን አስቀምጬ፣ ቀኝ እጁን እንደያዝኩ፣ እስኪነቃ እጠብቃለሁ።