ሚስቴ ያደነቀቻቸው ሽማግሌ

ሚስቴ የአረጋውያን ተንከባካቢ ናት። ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ከምንኖርበት ከኦክላንድ ካምቤል ከተማ ድረስ በባቡርና በአውቶቡስ ትመላለሳለች። ድሮ ስለምታስታምማቸው ሰዎች ቤት ገብታ አታወራም ነበር፤ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ሶፋው ላይ ትሰቅልና ዝም ነው። አንድ ህንዳዊ ሽማግሌ ማስታመም ከጀመረች ወዲህ ግን ያ ዝምታ ጠፋ።

«እግራቸውን የሰበሯቸው እኮ ሌቦች ናቸው» አለችኝ አንድ ቀን እራት ስንበላ።

«ምን ዓይነት ሌባ ነው የሽማግሌ እግር የሚሰብር?»

«ያኔ ሽማግሌ አልነበሩም። ሌቦቹም የመንግሥት ናቸው።»

ታሪካቸውን ነገረችኝ። አገራቸው የገጠር አስተማሪ ነበሩ። ለመንደራቸው ክሊኒክ፣ ለድሃ በነፃ እንዲታደል የሚላከው መድኃኒት በጓሮ በር እየወጣ ከተማ ይሸጣል። ቢጽፉ፣ ደጅ ቢጠኑ ሰሚ አጡ። በመጨረሻ የመንደሩን ሴቶች አስተባብረው በሽተኞቹን ከነአልጋቸው አስወጡና የአውራጃው ሹም ቢሮ ደጃፍ ላይ ደረደሯቸው። መድኃኒታችን የት እንደገባ እስኪነገረን ከዚህ አንነሳም አሉ። ዝናብ ሲመጣ ሴቶቹ ሸራ ወጠሩ። ሹሙ ቢሮው ለመግባት በበሽተኞች መካከል መሹለክ ነበረበት። ነገሩ ሲከርርበት ጎረምሶች ተላኩባቸውና እግራቸውን በብረት ሰበሯቸው። በማግስቱ እሳቸውም በአልጋ፣ በሰው ሸክም መጥተው ከሰልፉ መሐል ተኙ። ሹሙ ተሻረ፤ መድኃኒቱም መምጣት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት እያነከሱ ከመንደር መንደር እየዞሩ፣ የተበላበትን ሕዝብ እንዴት አድርጎ እንደሚጠይቅ በማስተማር ነው።

ይህን ስትናገር ዓይኗ እንባ አቅርሯል። በእኔ ጉዳይ እንዲህ ያለ እንባ አይቼባት አላውቅም።

«ታዲያ ይሄ ሰውዬ አሁን አሜሪካ ምን ይሠራል?» አልኳት።

«ይሠራሉ በል። የአባትህ እኩያ ናቸው። ልጃቸው ነው ያመጣቸው።»

ቅናቴ ከየት እንደመጣ ልናገር። አዲስ አበባ ሳለሁ የግንባታ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ነበርኩ። አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲሠራ የምሰሶዎቹን ኮንክሪት ደካማ ሆኖ አገኘሁትና ሕንፃውን አልረከብም አልኩ። ተቋራጩ ለበዓል ብሎ ቤቴ ድረስ በግ ሰደደ፤ በጉን መለስኩ። አለቃዬ ጠርቶኝ «ለአገር የምታስብ አንተ ብቻ ነህ?» አለኝ። ብዙም ሳይቆይ ወደ መጋዘን ተዛወርኩ፤ ሕንፃውን ሌላ ሰው ፈርሞ ተረከበ። ባልደረቦቼ ሻይ ቤት ስገባ ወሬ ያቋርጡ ጀመር። ለእኔ አልጋ ተሸክሞ የወጣ ሰው አልነበረም። በኋላ ዲቪ ደረሰን፣ መጣን፣ እኔም ሹፌር ሆንኩ። ሚስቴ ያን ሁሉ አብራኝ አይታለች። ግን አንድ ቀን እንኳ ያን ነገር አንስታ «ጎበዝ» ብላኝ አታውቅም።

እና አሁን የሰው አገር ሽማግሌ ጎበዝ ተባለ፤ በየማታው፣ በእኔ ማዕድ ላይ። የሕንፃችን አሳንሰር ተበላሽቶ ስንማረር «እሳቸው ቢሆኑ ጎረቤቱን ሁሉ አስተባብረው ማኔጀሩ በር ላይ ይቀመጡ ነበር» ትላለች።

«እሳቸው ቢሆኑ መጀመሪያ ደረጃውን አይወጡትም» አልኳት። «እግራቸው የታለና!»

ሳህኗን አንስታ ሄደች። ልጃችን ከስልኳ ቀና ብላ አየችኝ።

«ዳድ፣ አር ዩ ጄለስ?»

«የምን ቅናት? በሽማግሌ?»

«ኦ ማይ ጋድ፣ ዩ ቶታሊ አር» ብላ ሳቀች። እኔም ከአንገት በላይ ሳቅሁ።

አንድ ቅዳሜ ሳን ሆዜ ያሉ የአገራቸው ሰዎች ንግግር እንዲያደርጉ ጋበዟቸው። ልጃቸው፣ አንድ የኮምፒውተር ኩባንያ ውስጥ የሚሠራው፣ ለሥራ ከከተማ ወጥቶ ነበር። ሚስቴ «ኦፍ ነህ አይደል? በመኪናህ ራይድ ስጠን እባክህ» አለችኝ። እንቢ ለማለት ምክንያት ፈልጌ አጣሁ። እውነቱን ለመናገር ላያቸውም ፈልጌ ነበር።

ግዙፍ ሰው ነበር የጠበቅኩት። በሚስቴ ክንድ ተደግፈው ከቤታቸው የወጡት ግን ደቃቃ፣ ትልልቅ ጆሮ ያላቸው፣ ሹራባቸው የተገላቢጦሽ የተለበሰ ሽማግሌ ናቸው። እግራቸው ስለማይታጠፍ ከፊት፣ ከጎኔ አስቀመጥናቸው። ሚስቴ ሻላቸውን ረስታ ተመልሳ ገባች።

«መሐንዲሱ አንተ ነህ» አሉኝ በእንግሊዝኛ።

«ሹፌር ነኝ።»

«የትምህርት ቤቱን ምሰሶ አልቀበልም ያልከው።»

ወደ እሳቸው ዞርኩ። «ማን ነገረዎት?»

«ሚስትህ ናታ። ደጋግማ ነግራኛለች። በጉን የመለስክበት ላይ ስትደርስ እንደ በግ ሁሉ ትጮኻለች።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ይብስ ቀናሁ። ስንት ዓመት ጆሮዬን አቅንቼ የጠበቅኩትን ወሬ፣ ከነበጉ ጩኸት፣ እሳቸው ሰምተውታል።

«የተማሪዎቹን እናቶች አነጋገርካቸው?» አሉኝ።

«ሥራዬ አልነበረም።»

«ብቻህን ነበርክ ማለት ነው።» ወቀሳ አልነበረበትም፤ ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ። «እኔ እነዚያ ሴቶች ባይኖሩ በመጀመሪያው ቀን ቤቴ እገባ ነበር።»

ሊያጽናኑኝ እንደሆነ ገባኝ። መጽናናቱንም ጠላሁት። ሚስቴ ሻሉን ይዛ መጣች፤ ሞተር አስነሳሁ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ሲገቡ ሰው ሁሉ ተነሳ። ጎልማሶች በአገራቸው የአክብሮት ልማድ ጎንበስ እያሉ የሽማግሌውን እግር ይነካሉ፤ አንዲት ሴት የቢጫ አበባ ጉንጉን አንገታቸው ላይ አጠለቀች። ሚስቴ ከፊት ረድፍ ተቀምጣ እንደራሷ አባት ታያቸዋለች። እኔ ከኋላ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። በአገራቸው ቋንቋ ስለሚናገሩ አንድም ቃል አልገባኝም፤ ሰው ሲስቅና ሲያለቅስ ብቻ አያለሁ።

ሻንጣ የሚጎትት ሰው ገብቶ አጠገቤ ቆመ። ልጃቸው ነበር፤ ከአውሮፕላን ወርዶ በቀጥታ መምጣቱ ነው። የማን ባል እንደሆንኩ ነገርኩት።

«ምን እያሉ ነው?» አልኩት።

«ስለ አልጋዎቹ። ሁልጊዜ ስለ አልጋዎቹ ነው።» ሻንጣውን አቁሞ «ልጅ ሆኜ አባቴን ለማነጋገር ወረፋ መያዝ ነበረብኝ» አለ። «ግቢያችን ሁልጊዜ አቤቱታ ያለው ሰው ይሞላዋል። እናቴ ለሁሉም ታበስላለች፤ እኛ መጨረሻ እንበላለን። ይኸው አሁንም አዳራሽ ሙሉ ሰው ‹አባታችን› ይላቸዋል።»

አባቱን እያየ ነበር። ያ አስተያየት ለእኔ አዲስ አልነበረም። ጎን ለጎን ቆመን፣ ሁለት የበገንን ሰዎች፣ ጭብጨባውን አዳመጥን።

ሽማግሌውን ልጃቸው ስለወሰዳቸው፣ ስንመለስ መኪናው ውስጥ ሚስቴና እኔ ብቻ ነበርን። ፍሪዌዩ ተጨናንቆ ስለነበር ማምለጫም የለም።

«ለእሳቸው የምትነግሪያቸውን ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም?»

«ምኑን?»

«የትምህርት ቤቱን።»

«ለአንተ ምኑን ልንገርህ? ያደረግከው አንተ!»

«ጎበዝ ማለት አንድ ነገር ነው።»

ወደ መስኮቱ ዞረች። «አንተ እኮ ያ ነገር በተነሳ ቁጥር ሬዲዮ ትከፍታለህ፣ ወይ ከቤት ትወጣለህ። የምታፍርበት መስሎኝ ነበር። እሳቸው ‹ባልሽ ምን ዓይነት ሰው ነው?› አሉኝ። እና ምን ልበላቸው? ሹፌር ነው ልበል? ያን ነገርኳቸው።» ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «በጉን ስትመልስ እኮ በጣም ነበር የኮራሁብህ። በዓሉን በሽሮ ብናሳልፍም» አለች።

ሳቅሁ። ኦክላንድ እስክንገባ እጇን ጉልበቴ ላይ አሳርፋ ነበር።

በጸደይ ሽማግሌው «አገሬ ልሙት» ብለው ተነሱ። ልጃቸው ተጣላቸው፣ ለመናቸው፤ አልሆነም። ኤርፖርት ያደረስናቸው እኛ ነን። ልጁ ተሽከርካሪ ወንበራቸውን ራሱ እየገፋ ወሰዳቸው፤ ለሌላ ሰው አልሰጥም አለ። ሚስቴ መኪናው ውስጥ ስታለቅስ ሞተር ሳላስነሳ ጠበቅኋት።

አሁን እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በቪዲዮ ትደውልላቸዋለች። ሲሳሳቁ ከወጥ ቤት እሰማለሁ፤ እውነቱን ልናገር፣ አሁንም ቆንጠጥ ያደርገኛል።

ባለፈው ስልኩን ይዛልኝ መጣች። «አንተን ነው የፈለጉት።»

ሜዳ ላይ ናቸው፤ ከኋላቸው አዲስ የተሠራ ድልድይ ይታያል። «መሐንዲሱ፣ እስቲ ይህን እይልኝ» አሉና ስልኩን ወደ አንዱ ምሰሶ አስጠጉት። ኮንክሪቱ ተሰንጥቆ ብረቱ ብቅ ብሏል። በቪዲዮ ብቻ እንደማይፈረድ ነገርኳቸው፤ ከዚያ ምን መጠየቅ፣ ምን ማስመርመር እንዳለባቸው ማስረዳት ጀመርኩ። ለስንት ዓመት ያልወጣ ቃል ከአፌ ይጎርፍ ጀመር። እሳቸው እየተቀበሉ ይተረጉማሉ። ለማን እንደሚተረጉሙ ያየሁት ስልኩን ሲያዞሩት ነው፤ በባለ ብዙ ቀለም ልብስ የተጠቀለሉ ሴቶች ከበዋቸው ቆመዋል፣ ምሰሶውን እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

እንደገና በሽማግሌው ቀናሁ።

«እነማን ናቸው?» አልኳቸው።

«ድልድዩን የሚሻገሩት» አሉኝ።