ሥሩ ላይ መስቀል ያለበት ኩባያ

ዛሬ ጠዋት ኩባያ ሳጥብ እጄ ሳላዘው አንድ ነገር ሠራ። የሁላችንንም ኩባያ ከሳፋው አውጥቼ ትሪው ላይ ደረደርኩና የልጄን ግን ለብቻው መስኮቱ ላይ ደፋሁት። ዞር ብዬ ሳየው ነው ያደረግኩትን ያወቅኩት። ወዲያው አንድ የድሮ ሽታ አፍንጫዬን መታው። የዛገ ብረት፣ ያደረ ጠላና የቁስል መድኃኒት፣ ሦስቱ አንድ ላይ። መስኮቱ ላይ ምንም የሚሸት ነገር አልነበረም። ሽታው የመጣው ከልጅነቴ ነው።

ይህን የምታነቢልኝ እህቴ፣ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩምና አጻጻፌን ታገሺኝ።

ያኔ ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነው። አባቴ ወታደር ሆኖ ከሸዋ ተመድቦ መጥቶ ሐረር የቀረ ሰው ነበር። ጀጎል ውስጥ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ መንገድ ገብቶ፣ ከአንዲት የሐረሪ ሴት ግቢ ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ግንቡ በኖራ ስለተቀባ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ያጭበረብራል። ውኃ በሳምንት አንዴ ከመጣች ተመስገን ነው። ስለዚህ ዕቃ የሚታጠበው በአንድ ሳፋ፣ በዚያው በአንዱ ውኃ ነበር። የመጀመሪያው ኩባያ በንጹሕ ውኃ ይታጠባል፤ የመጨረሻው ሰው ሁሉ በተጉመጠመጠበት። አጣቢዋ ደግሞ እኔ ነበርኩ። ውኃው እየወፈረ፣ የጠላው አተላ ከላይ እየሰፈፈ ሲሄድ በዓይኔ አያለሁ። ገና ያኔ ነው ተጸያፊ የሆንኩት።

እናቴ በየወሩ በሃያ አንድ የማርያም ማኅበር ነበራት። ድግሱ በተራ ቢሆንም ግቢያችን ሰፊ ስለነበር መሰብሰቢያው ሁሌ እኛ ዘንድ ነው። ታዲያ በሃያ አንድ ከከተማው ዳር፣ የሥጋ ደዌ በሽተኞች ከሚኖሩበት ሰፈር፣ አንዲት አሮጊት ሴት ሳይቀሩ ይመጡ ነበር። ሁላችንም እማማ ነበር የምንላቸው። እኔ ግን በአፌ እማማ፣ በልቤ “ያቺ ሴትዮ” ነበር የምላቸው።

ጣቶቻቸው አልቀው ጉጦቹ ብቻ ቀርተዋል። እግራቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ነው፤ ከጨርቁ ቢጫ ውኃ ያዣል፣ ዝንቡም ከበሩ ጀምሮ አብሯቸው ይገባል። ኩባያ የሚይዙት በሁለት መዳፋቸው መካከል ነው። ከንፈራቸው ስለማይገጥም ሲጠጡ ጠላው በአገጫቸው ይወርድና ተመልሶ ኩባያው ውስጥ ጠብ ይላል። ጠብ ሲል እሰማው ነበር። ሌላው ሰው እየተጫወተ፣ እየሳቀ፣ እኔ ያንን ጠብታ እቆጥር ነበር።

እናቴ በማርያም ቀን በር ላይ ቆሞ የሚበላ ሰው አትወድም። “ይግቡ እማማ፣ ይግቡ፣ ወደ ውስጥ” ብላ ከሰው መካከል ታስቀምጣቸው ነበር። ኩባያዎቻችን ደግሞ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ነጭ ቅብ ያላቸው፣ ጠርዛቸው ሰማያዊ። እሳቸው በየትኛው እንደጠጡ ማንም አይለይም። እኔ ወሩን ሙሉ ውኃ በጠጣሁ ቁጥር ይሄ ይሆን እያልኩ ኩባያውን አሸተው ነበር።

አንድ ቅዳሜ እናቴ ገበያ ስትሄድ ሚስማርና ድንጋይ ይዤ ከቤቱ ኋላ ተቀመጥኩ። አንዱን ኩባያ ገለበጥኩና ሥሩን መታሁት። ፊደል ልጽፍበት ነበር፤ ቅቡ እየተፈረፈረ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ሁለት መስመር ብቻ ፈቀፈቅሁ፣ አንዱን በቁሙ፣ አንዱን በአግድሙ። ከዚያ ወዲያ እማማ ሲመጡ ለእሳቸው የምቀዳው በዚያ ነው። መጨረሻ አጥበዋለሁ፣ ለብቻው መስኮቱ ላይ እደፋዋለሁ። አራት ወር እንዲህ አለፈ። ሰላም አገኘሁ፣ ልንገርሽ፤ በብልሃቴም ኮራሁ።

በአራተኛው ወር መጨረሻ እናቴ ዕቃ ስትደረድር ገልብጣ አየችው። የተፈቀፈቀው ቦታ ዝጎ ቀይ ሆኗል።

“ምንድነው ይሄ?” አለችኝ።

“መስቀል።”

“አንቺ ነሽ?”

“አዎ።”

ትመታኛለች ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። እሷ እኮ ዓይኗ እንባ ሞላ! “ለማርያም ለይተሽላት ነው?” አለችና ግንባሬን ሳመችኝ። ዝም አልኩ። በዕድሜዬ ከዋሸሁት ሁሉ የከፋው ያ ዝምታ ነው።

ሙሴ ለምንላቸው ለማኅበሩ አለቃ ሄዳ ነገረቻቸው። ጡረተኛ የመቶ አለቃ ናቸው፣ ጢማቸው ትልቅ፣ ድምፃቸውም እንደዚያው። በሃያ አንድ ሰው ሁሉ እንደተሰበሰበ ኩባያውን ከፍ አድርገው አሳዩ።

“ይቺ ልጅ መነኩሲት ካልሆነች ጢሜን እላጫለሁ! እኛ ሽማግሌዎቹ ያላሰብነውን አሰበችው። በሉ፣ ዛሬ ከጸሎት በኋላ የሚዞረው ይሄ ነው። ሁላችንም ከሱ እንቀምሳለን።”

“ይሁን፣ ይሁን” አለ ሰው። አንዷ እልል አለች።

ኩባያው ከሙሴ ጀመረ። ሙሴ ጠጥተው ጢማቸው ላይ የቀረውን አረፋ በምላሳቸው ላሱት። ከእሳቸው ወደ ጎናቸው፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው፣ ሁሉም ከንፈሩን እያሳረፈ። የእናቴን ጎረቤቶች አፍ አንድ በአንድ እያየሁ ጀርባዬን ላብ አጠመቀው። እማማ ጋ ደረሰ። በሁለት መዳፋቸው ያዙት፣ ጠጡ። ጠብ። ጠብ። ከዚያ ዘወር ብለው ለኔ ዘረጉልኝ።

“እንኪ የኔ ልጅ። አንቺ የለየሽው ነው አሉ።”

“አልጠጣም።”

“ጠጪ እንጂ” አለች እናቴ፣ በዓይኗ እየቆነጠጠችኝ።

“አልጠጣም! የሳቸው ነው! ከኛ ጋር እንዳይቀላቀል ብዬ ነው ምልክት ያደረግኩበት!”

የአከራያችን ዶሮዎች ከውጭ ሲጭሩ ይሰማል። ሙሴ ጢማቸውን በጋቢያቸው ይጠርጉት ጀመር፣ ይጠርጉታል፣ አይበቃቸውም። እልል ያለችው ሴትዮ አፏን ይዛ ወደ ጓሮ ሮጠች። አሁን ሳስበው ከራሴ የባሰ ያቅለሸለሹኝ እነሱ ናቸው። እኔ ልጅ ነኝ፤ እነሱ የማርያምን ስም ጠርተው የተቀመጡ ትልልቅ ሰዎች።

እማማ ግን ሳቁ። በዚያ በተጣመመ አፋቸው ሳቁ።

“እኔ ደግሞ” አሉ፣ “አራት ወር ሙሉ ያው አንድ ኩባያ እየደረሰኝ፣ ሥሩን ሳየው መስቀል ያለበት! ልጅቷ ለኔ ብላ ነው፣ አክብራኝ ነው እያልኩ ስጸልይላት ከረምኩ። ማታም ጠዋትም።”

ኩባያውን መሬት ላይ ሊያስቀምጡት ጎንበስ አሉ። እናቴ ተነስታ ከመዳፋቸው ወሰደችው። ግማሽ ድረስ ሙሉ ነበር። ቆማ፣ ሳትተነፍስ፣ እስከ አተላው ጨለጠችው። “ጠላው ጥሩ ወጥቶልናል። ይቀመጡ እማማ” አለች፣ ልክ ምንም እንዳልተነገረ። ከዚያ ጥቂት ቆይታ ዳቦ ላምጣ ብላ ወጣች።

ተከተልኳት። ይቅርታ ልጠይቅ ይሁን ልደበቅ፣ አላውቅም። ከቤቱ ኋላ፣ እኔ ሚስማሩን የመታሁበት ቦታ፣ ግንቡን በአንድ እጇ ደግፋ ታስመልሳለች። ድምፅ እንዳይወጣት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ። አከራያችን በላይኛው መስኮት ብቅ አሉ።

“ያ ረቢ! ምን ሆንሽ አንቺ?”

“ምንም እቴቴ፣ ጠላው ነው።”

“እኔስ ምን አልኩሽ! ሐራም ነው ብዬ አልነገርኩሽም? ወላሂ አንድ ቀን ይገልሻል!” ብለው እየሳቁ መስኮታቸውን ዘጉ።

እናቴ ዞር ስትል አየችኝ። ፊቷ አመድ መስሏል።

“እማ፣ አንቺም ይዘገንንሻል?”

“ይዘገንነኛል።”

“ሁልጊዜ?”

“ሁልጊዜ። በመጡ ቁጥር።”

“ታዲያ ለምን ትጠጪያለሽ?”

አፏን ጠረገች። “እኔ ለጌታ የማልሸተው ይመስልሻል?” አለችኝ። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ፣ “ሂጂ ዳቦውን ያዢ” ብላ ገባች። አልመታችኝም። ብትመታኝ ይሻል ነበር።

በሚቀጥለው ወር እማማ ጣሳ በገመድ ወገባቸው ላይ አስረው መጡ። ከደጃፉ አላለፉም። እናቴ እግራቸው ላይ ወድቃ ለመነቻቸው፤ “የለም የኔ እመቤት፣ ልጅቷ እንዳትቸገር ብዬ ነው” አሉ። ጠላውን በጣሳ የቀዳሁላቸው እኔ ነኝ። ስቀዳላቸው መዳፋቸው እጄን እንዳይነካ ጣሳውን መሬት ላይ አስቀምጠው ራቅ አሉ። የሚቀጥለውም ወር እንዲሁ። ከዚያ ቀሩ። ሞቱ ያለ አለ፣ ዘመዶቻቸው ወሰዷቸው ያለም አለ። ይቅርታ አላልኳቸውም።

ይኸው ስንት ዘመን አለፈ። እናቴ አረፈች፣ እኔም ወልጄ እዚሁ ሐረር፣ አቦከር ሰፈር ነው የምኖረው። ዘንድሮ በዐቢይ ጾም መካከል ልጄ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ የፈላ ውኃ ከማንቆርቆሪያ ስትቀዳ ክንዷ ላይ ፈሰሰ። እሷ ወሬዋን ቀጠለች።

“እጅሽን አቃጠልሽው እኮ!” ብዬ ጮህኩ።

“ምኑን?” አለችኝ።

ያ “ምኑን” ከጆሮዬ አይወጣም። ክንዷ ላይ ነጣ ያለ ነገር ነበር፤ ብርድ ነው እያልን የተውነው። ሐኪሙ በወረቀት ጫፍ ነካ ነካ አደረገና ስሙን ነገረን። ቶሎ መጥታችኋል፣ ጣቷን አይነካባትም፣ ዓመት መድኃኒት ትወስዳለች፣ ከጀመረች ወዲያ ለሰው አይተላለፍም አለ። ሦስት ጊዜ አስደገምኩት። ሰማሁት። ግን ማታ ስትተኛ ጣቶቿን እቆጥራለሁ፣ እህቴ። ዐሥር መሆናቸውን እያወቅኩ እቆጥራለሁ።

ወሬው ወጣ። ጠያቂዎች መጡ። ወንበራችን ጫፍ ላይ ተንጠልጥለው ይቀመጣሉ፣ ሻይ ስናቀርብ “ጾም ነኝ” ይላሉ። በሃምሳው! ትንሣኤ አልፎ ጾም በሌለበት ወቅት! አስጠሉኝ። ከበሩ ሲወጡ እጃቸውን በቀሚሳቸው ሲጠርጉ እያየሁ ምራቄን ልተፋባቸው ደረስኩ። ለንስሐ አባቴ፣ “ልጅ ሆኜ ለሠራሁት እግዚአብሔር በልጄ መለሰብኝ ወይ?” አልኳቸው። “እግዚአብሔር ቂመኛ አይደለም፣ በሱ ታመኚ” አሉኝ። እታመናለሁ። እየፈራሁም ቢሆን እታመናለሁ። ሰውን ግን ተጸየፍኩ።

ዛሬ ጠዋት ነው እንግዲህ የገዛ እጄ ያንን ያደረገው።

ልጄ ፊቷን ታጥባ ስትገባ ትሪውን አየች፣ መስኮቱን አየች። የዚህን ሁሉ ታሪክ አንድ ቃል አታውቅም።

“እማ፣ ምልክት አድርጊበት እንጂ” አለች፣ እየሳቀች። ሳቋ ደረቅ ነበር። “እንዳይቀላቀልብሽ።”

ሳጥኑን ከፍቼ ከእናቴ ነጠላ ሥር ያንን ኩባያ አወጣሁት። ሰማያዊው ጠርዝ ተላልጧል፣ ሥሩን ዝገት በልቶት መስቀሉ ሰፍቷል። አጠብኩት፣ ሻይ ሞላሁበትና ሰጠኋት። ግራ ተጋብታ እያየችኝ ግማሹን ጠጣች። የቀረውን ተቀበልኳት።

ዘገነነኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ የወለድኩት ልጅ አፍ ያረፈበት ዘገነነኝ፤ ሆዴ እስከ ጉሮሮዬ መጣ። እናቴ ግንቡን ደግፋ ስታስመልስ ታየችኝ። ጌታም ለምጻሙን በእጁ ሲነካው ታየኝ። የነጠላዬን ጫፍ ጨብጬ እስከ ዝቃጩ ጠጣሁት። አልወጣም፣ እዚያው ቀረ።

ልጄ ኩባያውን ወስዳ ገለበጠችው።

“ይሄ መስቀል ምንድነው? የማን ኩባያ ነው?”

“የእማማ” አልኳት። “ማታም ጠዋትም ይጸልዩልኝ ነበር።”

በአፌም በልቤም እማማ ስላቸው ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ልጄ ኩባያውን አጠበችና ትሪው ላይ፣ ከሌሎቹ መካከል ደፋችው።